በራሱ ቅኝት

ልጅ ሳለ ድምፁ የሰፈሩ መነጋገሪያ ነበር። እናቱ ልብስ ስታጥብ እሱ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ ሲዘፍን፣ የቸኮለ መንገደኛ እንኳ ቀስ ይላል። «ወፌ» ነበር የሚሉት። መቼም ሁሉ ነገር እንዳማረበት አይቀርም። አንድ ጠዋት ትምህርት ቤት ሰልፍ ፊት ቆሞ መዝሙር ሲያወጣ፣ መሀል ላይ ድምፁ ተሰበረ። ጎርናና ሆኖ ወጣ። ልጆቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት አፉን ለዘፈን ከፍቶ አያውቅም።

አጎቱ አናጺ ነው። ወፌም እሱ ዘንድ ሥራ ገባ። እዚያ ግድግዳ ላይ አንድ አሮጌ ጊታር ተሰቅሎ ነበር፤ ደንበኛ ለጥገና አምጥቶ ረስቶት የቀረ። የአንዱ ክር መጠምዘዣ ዝጎ አልዞርም ብሏል። የሚያስተምረው ሰው የለ፣ ወፌ ሌሎቹን ክሮች በዚያ በማይዞረው ክር ልክ፣ ለጆሮው ደስ እስኪለው ድረስ ቃኛቸው። ጣቶቹ በዚያ ቅኝት አደጉ። ኋላ ሠርቶ ገመድ የሚሰካበት ደህና ጊታር ሲገዛም እንደዚያው አድርጎ ቃኘው። ስህተት መሆኑን በምን ይወቅ?

መጋዙ ጸጥ ሲል መጫወት ልማዱ ነው። አንድ ቀን ወንበር ሊያሠራ የመጣ ድራመር ሰማውና የባንዱን አለቃ ጎትቶ አመጣ። አለቃው ኦርጋን ተጫዋች ናቸው፤ የሸበቱ፣ ሳቅ የሚቸግራቸው ሰው። ዐይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ።

«ጊታሪስታችን ጥሎን ሄዷል። ነገ ልምምድ ና» አሉት።

እናቱ ይህን ሰምታ፣ ጎረቤት እስኪሰለች ድረስ አወራች።

በዚያ ባንድ ግን አንድ ደንብ አለ፤ መሣሪያ ሁሉ በአለቃው እጅ ካልተቃኘ ልምምድ አይጀመርም። ጊታሩን ተቀበሉት፤ ኦርጋናቸውን ነካ እያደረጉ ክሮቹን አስተካክለው መለሱለት። ወፌ ጣቱን እንደለመደው አሳረፈ። ጉድ ፈላ! የወጣው ድምፅ የሱ አይደለም።

«ምነው ወፌ፣ ጣቶችህን አጎትህ መጋዝ ላይ ረሳሃቸው እንዴ?» አለ ድራመሩ።

«እኔ... በሌላ ቅኝት ነው የለመድኩት፣ ጋሼ» አለ ለአለቃው።

በራሱ ቅኝት አስጫወቱት። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ለብቻህ ያምራል። ከኛ ጋር ግን አይሄድም ልጄ። ዘፋኙ ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ክር ልትፈታ ነው? ከዚህ እሑድ ጀምሮ በየሳምንቱ ዝግጅት አለብን። እስከዚያ እንደ ሰው ተማር።»

ከሥራ በፊትም ከሥራ በኋላም ሞከረ። ጣቶቹ ግን እንደ ግትር በቅሎ ወደ ለመዱት ቦታ ይመለሳሉ። ምን ያድርጋቸው? ይቆጣቸው? ይምታቸው?

እሑድ ከሰዓት አዳራሹ ሞላ። እናቱ ከፊት ተቀምጣለች። አለቃው ወደ ጆሮው ጠጋ አሉ።

«ሌላ ሰው አጣሁ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ቦታው ባዶ ከሚሆን ቁምና ጣትህን አንቀሳቅስ» አሉና የጊታሩን ገመድ ከድምፅ ማጉያው ነቅለው ጫፉን ከኋላ ደበቁት።

እምቢ ሊል አፉን ከፈተ። እናቱን አየ፤ የተተኮሰ ቀሚሷን ለብሳ፣ አጠገቧ ላለችው ሴት በጣቷ እሱን ታሳያለች። አፉን መልሶ ዘጋ። ዝግጅቱ እስኪያልቅ ክሮቹን ነካ፤ በድራሙ ጩኸት ውስጥ እሱ ራሱ እንኳ አልሰማቸውም።

ሲያበቃ እናቱ መድረኩ ሥር ደረሰች።

«ወፌ! ያ ቀጠን ብሎ ከሁሉ በላይ የሚሰማው ያንተ ነው አይደል? ያንተ ድምፅ ይጠፋኛል?»

የኦርጋኑ ነበር። አለቃው እዚያው ኦርጋናቸውን እየሸፈኑ ነው፤ ቀና ብለው አዩት።

«አዎ፣ እማዬ» አለ።

«ለሚመጣው እሑድ አክስትህንም ይዤ እመጣለሁ!»

አለቃው ጨርቁን አልብሰው ሲያበቁ፣ «በል እንግዲህ፣ እንዳትቀር» አሉት።

ምን ይላል?

«እሺ» አለ።