ለገሃር፣ ያቺ ቅዳሜ

እናቴ ከላስታ ወጥታ አዲስ አበባን ያየችው በሕይወቷ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያየችውም ከተማውን ሳይሆን የባቡር ጣቢያውን፣ ለገሃርን ነው።

ታላቅ እህቴ እኔ ገና ሕፃን ሳለሁ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር አግብታ ድሬዳዋ ገባች። ከዚያ ወዲያ አልተያየንም። እኔ ፍላቂት ከተማ አስተማሪ ሆኜ ደብዳቤ መጻጻፍ ስንጀምር፣ ልጆቿን ይዛ ላስታ ድረስ መምጣት እንደማይሆንላት፣ በባቡር አዲስ አበባ መድረስ ግን እንደማያቅታት ጻፈችልኝ። ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ባለችው ቅዳሜ ለገሃር እንገናኝ ተባባልን። በደርግ ጊዜ ያለ መሸኛ ወረቀት ከአገር አገር መሄድ አይቻልም ነበር፤ ለእናቴ ከገበሬ ማኅበሩ፣ ለራሴ ከትምህርት ቤቱ ለምኜ አወጣሁ። እናቴ ከይምርሐነ ክርስቶስ ገዳም በሰው ያስመጣችውን እምነት ለልጅ ልጆቿ በንጹሕ ጨርቅ ቋጠረች። በወልድያ በኩል በአውቶቡስ ወረድን።

ባቡሩ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይገባል ተብሎ ነበር። እኛ ገና በማለዳ ደርሰን በአዳራሹ ረጅም አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ውጭ ዝናብ ይወርዳል። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ዓይኗን ተሳፋሪ በሚወጣበት በር ላይ ተክላ ነበር። ባቡር ማለት ምን እንደሆነ አታውቅም፤ ከጓሮ ፉርጎ የሚጎትት ሞተር በጮኸ ቁጥር ብድግ ትላለች።

«ስትሄድ ቀጭን ነበረች» አለችኝ። «ብትወፍር ሳላውቃት ታልፈኝ ይሆን?»

ሦስት ሰዓት አለፈ፤ እኩለ ቀንም አለፈ። አንድ የጣቢያውን ሠራተኛ ሄጄ ጠየቅሁት። ጎርፉ አዋሽ አጠገብ ሐዲዱን ነክቶት እንደነበር፣ አሁን ግን ተስተካክሎ ባቡሩ እንደተነሣ፣ ቢዘገይ ቢዘገይ አሥራ አንድ ሰዓት እንደማያልፍ ነገረኝ። ደግ ሰው ነበር፤ እናቴን ዞር ብሎ አይቶ፣ ከወንበሩ ጫፍ ዝናብ ስለሚያስገባ ወደ ውስጥ ጠጋ እንዲሉ ንገራቸው አለኝ።

የሚያጣድፈኝ ነገር አልነበረም። አውቶቡሳችን በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ነበር። ግን ከመምህራን ማሠልጠኛ የማውቀው ጓደኛዬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፒያሳ ሊያገኘኝ ቀጥሮኛል፤ ሲኒማ ልንገባ። ከሠራተኛው ወደ እናቴ ስመለስ መንገዱ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ምን እንደምል የወሰንኩት እዚያች ላይ ነው።

«ባቡሩ ዛሬ አይመጣም አሉ» አልኳት።

ዓይኗን ከበሩ ላይ አልነቀለችም። «አንተ ሂድ እንግዲህ፤ እኔ እስኪመሽ እዚሁ ልቀመጥ» አለችኝ።

ዘበኞቹ አይፈቅዱም አልኳት። ይኼም ውሸት ነበር። ተነሣች፤ አውቶቡስ ተራ አጠገብ ካረፍንበት ዘመድ ቤት አደረስኳትና ፒያሳ ሄድኩ። የትኛውን ፊልም እንዳየሁ ዛሬ ትዝ አይለኝም።

የእህቴ ደብዳቤ በጥቅምት ደረሰኝ። አሥር ሰዓት ላይ ገብታ፣ አዳራሹ ባዶ እስኪሆን ድረስ አሮጊት ባየች ቁጥር እየቀረበች ስትጠይቅ እንዳመሸች፣ ሰኞ ተመልሳ እንደሄደች ጽፋለች። እናቴ ፊደል አትለይም። «አንብብልኝ» ብላ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ወረቀቱን እያየሁ፣ ባቡሩ መንገድ ላይ ተበላሽቶ ወደ ድሬዳዋ መለሱን ትላለች አልኳት።

«እኔስ መች አማኋት» አለች።

ከዚያ በኋላ ጎረቤት በመጣ ቁጥር ደብዳቤውን እያወጣች ታስነብበኝ ነበር። የፈጠርኩትን ቃል ሳላዛንፍ ለመድገም በቃሌ ያዝኩት። ለእህቴ ደግሞ እናታችን ጣቢያው ውስጥ አሟት ይዣት እንደወጣሁ ጻፍኩላት። በሚቀጥለው ክረምት እንሄዳለን እያልኩ ሁለት ክረምት አሳለፍኩ። ሦስተኛው ሳይደርስ ጦርነቱ መንገዱን ዘጋው፤ እናቴም መንገዱ እንደተዘጋ ዐረፈች።

እህቴ የመጣችው ጦርነቱ አልፎ መኪና መመላለስ ሲጀምር ነው። ወፍራ ነበር። መቃብሩ ላይ አልቅሳ ከጨረሰች በኋላ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ሥር ተቀምጠን ሁሉንም ነገርኳት።

«ስንት ሰዓት ላይ ነው የወጣችሁት?» አለችኝ።

«ስምንት ሰዓት ገደማ።»

«እሷ ልቆይ ብላህ ነበር?»

«አዎ እታለም። አንተ ሂድ፣ እኔ ልቀመጥ ብላኝ ነበር።»

እንድትቆጣኝ፣ እንድትሰድበኝ ጠብቄ ነበር።

«ለእሷ ነበር መንገር የነበረብህ» አለች። «እሷ ይቅር ትልህ ነበር። እኔ እንጃ።»

ተዝካሩን አብራን አውጥታ፣ በሳምንቱ ሄደች። መኪናው ድረስ ሸኘኋት፤ ጉንጬን ሳመችኝ፤ ዞራ ግን አላየችኝም። እስከ ዛሬ እንጻጻፋለን። እሷ የልጆቿን ወግ ማዕረግ ትጽፍልኛለች፣ እኔ የአገሩን ዝናብና የገብሱን ነገር። ድሬዳዋ ናና እየን ብላኝ አታውቅም፤ እኔም ልምጣ ብዬ ጠይቄያት አላውቅም።