ከየካ ሚካኤል በላይ፣ አምስተኛውን ማርሽ ፍለጋ

ንጋት 12 ሰዓት፣ መሪ ሰፈር

ከኮንዶሚኒየሙ ስወርድ ብርዱ የዘበኛውን ጺም አንድ በአንድ ይነቅላል። ትከሻዬ ላይ ነጭ ጋቢ፣ በእጄ ክሪክና የሽቦ ብሩሽ።

"ጋራዥ ነው ሽምግልና?" አለኝ ዘበኛው።

"ሁለቱም።"

አልዋሸሁም፤ ብርቅ ነውና ይመዝገብልኝ። የጋሽ ታምሩ የልጅ ልጅ የእትዬ ጽጌን የልጅ ልጅ ሊያገባ ይፈልጋል። ሽማግሌው እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ ሄጄ ሁለቴም ሳልቀመጥ ተመልሻለሁ፤ እሺ ካልተባለ ሽማግሌ አይቀመጥማ። ያስቆመኝ ደግሞ የመኪና ካምቢዮ ነው።

የእትዬ ጽጌ ባል፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አቶ መኮንን ቀይ የጣሊያን ስፖርት መኪና ነበራቸው። ፋብሪካው ለማንም ባለ አራት ማርሽ ካምቢዮ ይገጥማል፤ ለይቶ ላዘዘ ብቻ ባለ አምስት። እሳቸው ለይተው አዘዙ። ኋላ ፍሪሲዮን ለማስቀየር መካኒኩ ጋሽ ታምሩ ዘንድ አስገቧት። ስትመለስ አንዴ አዩዋትና "ካምቢዮዬን ሰርቆ ባለ አራት ገጠመልኝ" ብለው ቆለፉባት። እስኪሞቱ አልነዷትም፣ ማንንም አላስነኩም። ጋሽ ታምሩም ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለማኅበር በገቡ ቁጥር "ሌባው መጣ" እየተባሉ ኖሩ።

"የፋብሪካው ካምቢዮ ከሆነ ትቀመጣለህ፤ ካልሆነ የሌባ ዘር ቤቴ አይገባም" ብለውኛል እትዬ ጽጌ። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ካምቢዮ ስፈታ የኖርኩ ነኝ።

1 ሰዓት ከሩብ፣ የካ ሚካኤል

ጋሽ ታምሩ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ተደግፈው ይጠብቁኛል።

"ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ለውጠዋል?"

"ብለውጥ እጄ ይቆረጥ!"

"ታዲያ ምን ያንቀጠቅጥዎታል?"

"መኮንን።"

"ሞተዋል እኮ።"

"መሞቱን ለእሱ ማን ነገረው?"

የተሳፈርንበት ባጃጅ ሾፌር እትዬ ጽጌ ወደሚኖሩበት ተራራ ቀና ብሎ አየና ከሂሳቡ ላይ የጭጋግ ጨመረብን። አስፋልቱ ሲያልቅ ጥሎን እንደ ጥይት ተመለሰ።

2 ሰዓት፣ ባሕር ዛፉ ውስጥ

ጭጋጉ ከመወፈሩ የተነሳ ጋቢዬን አውልቄ እሱን ልደርብ ምንም አልቀረኝም። "እንደምን አደራችሁ" ይላል ድምፅ፤ ሰው የለም። ዘግይቶ የቅጠል ሸክም ያልፋል፤ ከሸክሙ ሥር እግር አይታየኝም። እንቆማለን። እኛ ከቆምን በኋላ ደረቁ ቅጠል ላይ አንድ እርምጃ ተጨመረ።

"ጋሼ፣ ስንት ነን?"

"አትቁጠር።"

ሩብ ጉዳይ ለ3፣ የእትዬ ጽጌ ግቢ

ጋሽ ታምሩ በሩ ላይ ቀሩ። "ስሜ ሳይገባ እኔ አልገባም።"

እትዬ ጽጌ የቆርቆሮውን መጋዘን ከፈቱልኝ። "ጭጋግ በወረደ ቁጥር እዚህ ውስጥ ይሰማኛል፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። አራት ጊዜ። ከዚያ ዝም።"

"አይጥ ናት እትዬ።"

"አይጥ አራት ትቆጥራለች?"

መኪናዋ ላይ ስንዴ የሚበቅልበት አቧራ አለ። የሾፌሩ ወንበር ግን ንጹሕ ነው፤ ሰው አሁን እንደተነሳበት። ከመኪናዋ ጎን፣ ግድግዳው ሚስማር ላይ፣ የአቶ መኮንን ካፖርት ተንጠልጥሏል።

እትዬ ጽጌ የማርሹን ዘንግ ጫፍ፣ ጥቁሯን ኳስ ጠቆሙኝ። አራት ማርሽ ተስሎባታል። "ይኸው! ባሌም ያየው ይኸን ነው።"

ዘንጉን ሞከርኩት። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ። ከዚያ ወዲያ እንደ በቅሎ እንቢ አለኝ። ላቤ መጣ። ዝገት ይሁን ሌላ ነገር፣ ዘንግ አይናገርም፤ ካምቢዮው ላይ የተቀረጸው የፋብሪካ ቁጥር ግን ይናገራል። በክሪክ አንስቼ ሥሯ ገባሁ፣ የሠላሳ ዓመት ግራሶ በብሩሽ ፋቅሁ። ቁጥሩ ብቅ አለ። ሞረድ የነካው ብረት ያስታውቃል፤ ይህን ማንም አልነካውም።

"እትዬ፣ ከፋብሪካው የመጣውን ወረቀት ያንብቡልኝ።"

አነበቡ። አንድም ቁጥር አልተሳሳተም። ከጎኑ "ባለ አምስት ማርሽ፣ በትእዛዝ" ይላል። ወረቀቱን አጥፈው ወደ ማርሹ ዘንግ ዞሩ።

"ታዲያ ይቺ ኳስ?"

ወደ በሩ ጮኼ ጠየቅሁ። ጋሽ ታምሩ ግንባራቸውን ሲመቱ ጭጋጉን አልፎ ተሰማኝ። "የእኔ ናት! መኮንን መኪና ባቆመ ቁጥር ሌባ እንዳይነዳት ብሎ ኳሷን ነቅሎ ኪሱ ይከት ነበር። ለሙከራ ስነዳት ባዶው ዘንግ እጄን ቢወጋኝ የሌላ መኪና ኳስ ገጠምኩባት፤ መንቀሉን ረሳሁት። ሌባ አለኝ እንጂ በምን እንደጠረጠረኝ አንድ ቀን አልነገረኝም!"

እትዬ ጽጌ እጃቸውን ካፖርቱ ኪስ ከተቱ። ኳስ አወጡ፤ አምስት ማርሽ የተሳለባት። ተቀበልኳት። ያ ሁሉ ብርድ እያለ ኳሷ ትሞቃለች፤ ከሰው እጅ አሁን እንደወጣች። ቀልድ ፈለግሁ፣ አጣሁ። ዘንጉ ላይ ገጠምኳትና መጋዘኑን ዘጋን።

እትዬ ጽጌ በሩ ድረስ ሄዱ። "ታምሩ፣ በድለንሃል። ግባ።" ወደ እኔም ዞረው "አንተም ተቀመጥ" አሉኝ።

ሦስታችንም ሳሎን ተቀመጥን። ጋሽ ታምሩ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ያኔ ከመጋዘኑ ተሰማ።

ቀጭ። ቀጭ። ቀጭ። ቀጭ።

እትዬ ጽጌ ክንዴን ያዙ።

ቀጭ።

"አምስተኛው ገባለት" አሉ ጋሽ ታምሩ፣ ቀስ ብለው።