በቃጫ የተያዘው ስንጥቅ

ላሜራ ይለመናል። ይጨማደዳል፣ ያኮርፋል፣ ግን በመዶሻ ቀስ እያሉ ሲያባብሉት ወደ ቦታው ይመለሳል። እኔ በንጉሡ የመጨረሻ ዓመታት ዲላ ውስጥ፣ በሞያሌው መንገድ ዳር ባለ ጋራዥ ባትላሜራ ነበርኩ። የተጨራመተ መኪና አቃናለሁ፣ ጎድጓዳውን የሚሞላ ስቱኮ እለጥፋለሁ፣ ቀለም እቀባለሁ። የቡና ጭነት መኪኖች ቁልቁለቱ ላይ እየተላተሙ ስለሚመጡልን ሥራ ጠፍቶ አያውቅም። በእጄ እተማመን ነበር። በልቤ ግን አልተማመንም ነበር። ፈሪ ነበርኩ፣ ዛሬም ፈሪ ነኝ፤ ይህን የምጽፈውም ጀግና ለመምሰል አይደለም።

ከሁሉ በላይ የምፈራው ፊታውራሪውን ነበር። ከዲላ ወጣ ብላ ካለችው ከጪጩ በላይ ያለው ኮረብታ ሙሉ በሙሉ የእሳቸው ነው። አባቴ ጢሰኛቸው ነበር። አያቴ የተከለውን እንሰትና ቡና እየተንከባከበ፣ ካመረተው ለጌታው እያካፈለ፣ ለአጥርና ለድግስ ሥራ ሲጠሩት እየሄደ ይኖራል። አንድ ጎረቤታችን ለፊታውራሪው ወኪል የድፍረት መልስ መለሰ ተብሎ ከነቤተሰቡ ከመሬቱ ተነቀለ። ልጆቹ ድስት ተሸክመው በደጃችን ሲያልፉ አይቻለሁ። ሰውዬው ምን ብሎ እንደመለሰ እስከ ዛሬ አላወቅንም። እኔን እንቅልፍ የነሳኝም ይኸው ነው፤ ሰው በምን እንደሚነቀል አለመታወቁ።

የፊታውራሪው አንድ ልጅ አዲስ አበባ ነበር የሚማረው። ታዲያ አገር ለቆ ከሚሄድ አንድ ፈረንጅ በሣጥን የታሸገ የመኪና አካል ገዛና በቡና መኪና አስጭኖ ወደ እኛ ጋራዥ አመጣው። ሐሳቡ ቀላል ይመስል ነበር። ኤሊ የምትመስለውን የጀርመን መኪናውን የብረት ልብስ እንገፍፍና፣ በሻንሲዋና በሞተሯ ላይ ይህን አዲስ አካል እንገጥማለን። አዲሷ መኪና ጣሪያም በርም የላትም፤ ቀይ ናት። የልጁ ሰርግ ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ ነው፤ ሙሽራዋን የሚያመጣት በእሷ ነው።

ሣጥኑ ሲከፈት የጋራዡ ባለቤት፣ እኛ ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ፣ አንዱን ክፍል በጥፍራቸው አንኳኩ። "ፕላስቲክ ነው እንዴ?" አሉ።

"ፋይበር ግላስ ነው ጋሼ" አለ ልጁ። "እንደ ፀጉር የቀጠነ መስታወት ነው፤ በሙጫ ተጣብቆ ነው የሚሠራው።"

መስታወት ሲል እጄን ከሣጥኑ ላይ አነሳሁ።

በገበያው ቀን አባቴ ጋራዥ ድረስ መጣ። መቼም ወደ ጋራዥ አይመጣም፤ ዘይቱን ይጠየፈዋል። ከእሱ ጋር በጌዴኦኛ ነው የምናወራው። "ወኪሉ 'የጌታ ልጅ መኪና በልጅህ እጅ ናት' አለኝ" አለ።

"ደስ ብሎት ነው ያለው?"

"እኔ እንጃ። ፈገግ ብሏል።"

ሁለታችንንም ያ ፈገግታ አላማረንም። አባቴ ቀዩን ነገር ከሩቅ አየት አድርጎ፣ አንዴም ሳይነካው፣ የገዛውን ጨው ይዞ ሄደ።

ጋሼ ሻንሲውን ቆርጠው አሳጠሩና በየዱት። አካሉን መግጠም የእኔ ፋንታ ሆነ። ብሎን የሚገባባቸው ቀዳዳዎች ከሻንሲው ቀዳዳ ጋር አንዱም አይገናኝም። የኋላው ሲገጥም የፊቱ ይነሳል፣ የፊቱን ስጫነው ጎኑ ይወጣል። ልጁ ደግሞ ሰፋፊ ጎማ ካልገባላት አለ፤ ስለዚህ ከጎማው በላይ ያለውን ቅስት በሰጌቶ መጋዝ ቆርጬ አሰፋሁ። ብናኙ ጉድ ነው። አፌን በጨርቅ ብሸፍንም አንገቴ ላይ ገብቶ ያሳክከኛል፣ ስታጠበው ይብሳል። እናቴ ቆዳዬን አይታ ቅቤ ቀባችኝና ጭራሽ አቃጠለኝ። ግን ማሳከኩን ችዬው ነበር። ያልቻልኩት የዚያን ነገር ድምፅ ነው። ሰጌቶው በሄደ ቁጥር ይንጫጫል፤ እኔም 'አሁን ተሰነጠቀ፣ አሁን ተሰነጠቀ' እያልኩ ላብ ያጠምቀኝ ነበር።

መጨረሻ ላይ በግራ በኩል፣ ከፊት መብራቱ ሥር፣ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ቀረ። ላሜራ ቢሆን ብሎኑን እያጠበቅኩ ስቤ እዘጋው ነበር። ይህን ግን አላመንኩትም፤ ከአሮጌ ጎማ ቆርጬ ትራስ ላደርግለት አሰብኩ። ጋሼ ለምሳ ወጥተዋል። የጌታው ልጅ መጣና ቆሞ አየ።

"ምንድን ነው የምትጠብቀው? እሰረው እንጂ።"

"ጌታዬ፣ ትራስ ይደረግለት። ከተሳበ ይሰበራል ብዬ ፈራሁ።"

"አንተ ሁሉን ነገር ትፈራለህ" ብሎ ስቆ መፍቻውን ከእጄ ወሰደ። አንዴ አዞረው፤ ክፍተቱ ጠበበ። ደግሞ አዞረው። "አየህ?" አለኝ። ሲደግመው ቀጭ አለ።

ድምፁ ትንሽ ነበር። ከብሎኑ ቀዳዳ ተነስቶ እስከ መብራቱ ድረስ፣ መዳፍ የሚያህል ነጭ ስንጥቅ ቀዩ ላይ ወጣ። ልጁ ስንጥቁን አየ፣ የጋራዡን በር አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። መፍቻው አሁንም በእጁ ነው።

"ምን አደረግክ?" አለኝ።

"ይቅርታ ጌታዬ" አልኩ። ማሰብ እንኳ አላሰብኩም፤ ምላሴ ነው የተናገረው። የጢሰኛ ልጅ ምላስ ይህን ከማንም ሳይማር ያውቀዋል።

መፍቻውን አግዳሚው ላይ አስቀመጠ። ፊቱ ዐመድ መስሏል። "አባዬ መጀመሪያም ይህችን መኪና አልወደዱም። ይህን ቢያዩ..." አለና ተወው። "ከሰርጉ በፊት አስተካክለው። ካልሆነ ማን እንደሰበረው እነግራቸዋለሁ።"

እሱ ሲወጣ ጎማ ላይ ተቀመጥኩ። በዓይኔ የሚመጣው የጎረቤታችን ልጆች ድስት ነው።

ስንጥቁን ለመያዝ የሚያስፈልገው የመስታወት ጨርቅ ከሣጥኑ ጋር መጥቶ ነበር፤ ግን የፊቱን ክፍል ስናጠናክር ጨርሰነዋል። ሙጫው ከነማድረቂያው ግማሽ ጣሳ ተርፏል። ጋሼ አዲስ አበባ አስጠየቁ፤ የለም ተባለ። እንግዲህ ምን ይደረግ ብዬ ጆንያ የታሰረበትን ገመድ ሳይ ነው ቃጫ ትዝ ያለኝ። መስታወቱ እንደ ፀጉር ከሆነ ቃጫስ ፀጉር አይደል?

ቤት ሄጄ እናቴን ቃጫ ለመንኳት። ለቆጮ እንሰት ስትፍቅ የሚቀረው ክር ነው፤ ቤታችን የተገኘው ግን አጭር አጭሩ ነበር። ለአባቴም መኪናዋ መሰንጠቋን ነገርኩት። ማን ሰነጠቃት አላለኝም፤ እኔም አልነገርኩትም።

መጀመሪያ ከጎማው ቅስት በተረፈ ቁራጭ ላይ ሞከርኩ። አገራችን ገመድ የሚፈትል ሰው ቃጫውን ነከር ያደርገዋል፤ ደረቅ ከሆነ እጅ ላይ ይሰበራላ። እኔም በልማዴ ውሃ ውስጥ ነከር አደረግኩና ጨምቄ፣ ዘርግቼ፣ ሙጫውን ቀባሁበት። በነጋታው ስነካው እንደ አጃ ሾርባ ነጥቶ ይጣበቃል። ጎተት ሳደርገው ተልጦ መጣ። ሙጫው ደግሞ እያለቀ ነው።

አባቴ የተላጠውን ይዤለት ስሄድ በጣቱ አሸው። "ምን አድርገህበት ነው?"

"አርጥቤ ነዋ።"

"ይሄ ገመድ ነው እንድታረጥበው?" አለኝ። በዚያ ሁሉ ጭንቀት ውስጥ ሳቄ አመለጠኝ፤ እሱ ግን አልሳቀም። መጥረቢያውን አንስቶ ወጣ። ረጅም ቃጫ የሚወጣው ከትልቅ እንሰት ነው፤ ከደጃችን ፊት አንድ ነበር፤ ለእኔ ሰርግ ብሎ ያቆየው፣ ማንም እንዳይነካው የሚቆጣበት። እሱን ጣለው። እናቴ "ለልጄ ድግስ ያልከው!" ብላ ጮኸች። "ድግሱ የሚደገሰው መሬቱ ካለ ነው" አላት። ልብሷን ታጥቃ መፋቅ ጀመረች። ስትፍቅ የምትጸልየው ይሰማኝ ነበር፤ ስሜን እየጠራች ነው።

ቃጫው የክንድ ሁለት ክንድ ርዝመት ነበረው። ዝናቡ ስላላባራ አባቴ ከምድጃው በላይ ቆጥ ላይ ሰቀለው። ሲነካ እንደ ገለባ መሰበር ሲጀምር አወረደው፣ አበጠረውና በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ጋራዥ ወስጄ ሌላ ቁራጭ ላይ ለጠፍኩት። ሲደርቅ ቁራጩን ሁለት ድንጋይ ላይ አጋድሜ በሙሉ ክብደቴ ቆምኩበት። ያዘ። ቆሜበት እንዳለሁ አለቀስኩ፤ ጋሼ "ምን ሆነሃል አንተ ልጅ?" ሲሉኝ ብናኙ ዓይኔ ገባ አልኳቸው።

የተረፈውን ሙጫ ሁሉ በስንጥቁ ስር በቃጫው ላይ ጨረስኩት። ከላይ ስቱኮ ለጠፍኩ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ፣ ቀይ ቀባሁ። ከላይ ላየው ምንም የለም። ከሥር ግን ቡናማው ቃጫ አፍጥጦ ይታያል።

በሰርጉ ዋዜማ መኪናዋን ወደ ፊታውራሪው ግቢ ወሰድናት። ልጁ ይነዳል፣ እኔ ከጎኑ ተቀምጫለሁ። ጉድጓድ ባገኘን ቁጥር ጆሮዬ ከመብራቱ ሥር ነው። ግቢው ውስጥ ጢሰኞቹ ዳስ ይጥላሉ፤ አባቴም ከእነሱ ጋር ቀርከሃ ይሸከማል።

ፊታውራሪው ጋቢያቸውን ደርበው ወጡ። መኪናዋን ዞሯት። በቅሎ ሲገዙ እጃቸውን ኮርቻው ሥር ሰደው ቁስል የሚፈልጉ ሰው ናቸው፤ ያንኑ አደረጉ። ጎንበስ ብለው እጃቸውን ከቀዩ አካል ሥር አስገብተው፣ እየዳሰሱ፣ ከኋላ ወደ ፊት መጡ። ግራው መብራት ጋ ደረሱ። እጃቸው ቆመ።

"ይህ ምንድን ነው? ይሻክራል።" ዝቅ ብለው አዩ። "ቃጫ! ይህ ተሰብሯል። ማን ነው የሰበረው?"

እኔን አልነበረም የጠየቁት፤ ልጃቸውን ነው ያዩት። ድምፃቸውም ቁጣ አልነበረበትም፤ የሚያውቁትን ነገር የሚጠይቁ ይመስሉ ነበር። ልጁ መሬት መሬት ያያል። ያን ጊዜ ደሜ ፈላ። ጠይቀዋል፣ ያውቃሉ፣ ልናገር ነው አልኩ። አፌን ከፈትኩ።

ከኋላዬ ቀርከሃ ሲወድቅ ሰማሁ። አባቴ እየሮጠ መጥቶ ከፊታቸው ተደፋና በሚሰባበር አማርኛው ለመነ። "ልጅ የኔ ነው ሰበረ፣ ጌታ። መኪናው እሱ ሰበረ። ቃጫ ደግሞ የኔ ቤት ነው። ማር፣ ጌታ፣ ማር።"

ፊታውራሪው አባቴን አዩት። ልጃቸውን ደግሞ አዩት፤ ረጅም ጊዜ። እኔን አላዩኝም።

"ሰርግ ነው፤ ምሬሃለሁ" አሉ። "ተነስ፣ ዳሱን ጨርስ።"

አባቴ ጉልበታቸውን ስሞ ተነሳ። ልጁ ትንፋሹን ሲያወጣ ሰማሁት። እኔም ተጎንብሼ እጅ ነሳሁ፣ ላልሠራሁት ነገር ምሕረት ስለተደረገልኝ።

ዳሱ አልቆ ከአባቴ ጋር ወደ ቤት ሄድን። ጪጩን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር መታገሥ አልቻልኩም። "እኔ አይደለሁም የሰበርኩት" አልኩት።

"አውቃለሁ" አለ።

"ማን ነገረህ?"

"አንተ ብትሰብረው ኖሮ ትነግረኝ ነበር። ከልጅነትህ ጀምሮ ያጠፋኸውን ደብቀኸኝ አታውቅም። ዝም ስትል የሌላ ሰው ነው አልኩ።"

"ታዲያ ጠየቁ እኮ! እውነቱን ፈልገው ነው የጠየቁት!"

"ብትነግራቸው ያምኑህ ነበር" አለ አባቴ። "በሰርጉ ዋዜማ፣ በጢሰኞቹ ፊት፣ ልጃቸው ውሸታም ሆኖ ይገኝ ነበር። ከዚያ በኋላ እኛን ባዩ ቁጥር ያ ትዝ እያላቸው በመሬታቸው ላይ ሊያኖሩን ነው?"

 ደጃችን ስንደርስ አባቴ ቤት አልገባም። ከእንሰቶቹ መካከል አንድ ችግኝ ነቅሎ፣ የኔ እንሰት ከተቆረጠበት አጠገብ ጉድጓድ ቆፍሮ ተንበረከከ። በመንገድ ሁሉ ረጋ ብሎ ነበር የሚናገረው፤ አሁን ግን ችግኙ አልቆም አለው። አንዴ ወደቀበት፣ ደግሞ አቆመው፣ ደግሞ ወደቀበት። ቀና ብሎ አላየኝም። እኔም አጠገቡ ተንበርክኬ፣ አፈሩን እስኪያለብሰው ድረስ ችግኙን ያዝኩለት።