ወንድሟን ያገባችው የፎቁ ሴት

ለሰው ስታስተረጉሙ የተባለውን ነገር አለስልሳችሁ አሳልፋችሁ ታውቃላችሁ? አንዱ ሹም «ከዚህ ጥፋ» ብሎ ሲቆጣ፣ እናንተ «ሌላ ቀን ቢመለሱ ይሻላል ይላሉ» ብላችሁ? እኔ አድርጌዋለሁ። ያውም አንድ ቀን አይደለም፤ ሰባት ወር ያህል፣ በሳምንት ሁለት ምሽት። ነገሩ በቴሌቪዥን ድራማ ተጀምሮ ሐኪም ቤት ደረሰ። ከመጀመሪያው በቅደም ተከተል ላስረዳ።

የምኖረው ሞያሌ ነው፤ በኬንያ በኩል፣ ማንያታ ሰፈር። አባቴ ከኢትዮጵያ ተሰዶ መጥቶ እዚሁ ኑሮውን መሠረተ፤ እኔም እዚሁ ተወለድኩ። አማርኛን ከቤት፣ ኦሮምኛን ከመንገድ፣ ስዋሂሊን ከትምህርት ቤት አገኘሁ። አሁን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ፤ ሰፈሩ በስሜ መጥራቱን ትቶ «ሙዋሊሙ» ይለኛል። በስዋሂሊ መምህር ማለት ነው። እኛ ዘንድ ሦስት ቋንቋ የምትችል ልጅ እንደ ሰፈር ቧንቧ ናት፤ የፈለገ ሁሉ መጥቶ ይቀዳል። ደብዳቤ የደረሰው፣ ፖሊስ ያስቆመው፣ ሐኪም ዘንድ የሚሄድ በራችንን ያንኳኳል።

ከግቢያችን ቀጥሎ ያለው ቤት የአንዲት ነጋዴ ነው። ድንበሩን እየተሻገሩ ጨርቃ ጨርቅና የፕላስቲክ ዕቃ ይነግዳሉ። የእናቴ እኩያ ናቸው፤ ሁላችንም «ማማ» እንላቸዋለን። አማርኛና ኦሮምኛ አቀላጥፈው ይናገራሉ። የገበያ ስዋሂሊም አላቸው፤ በስዋሂሊ ዋጋ ተከራክሮ ያሸነፋቸው ሰው አላየሁም። ከዋጋና ከሸቀጥ ስም ውጪ ግን አይሄድላቸውም።

ማክሰኞና ሐሙስ፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ፣ አንድ ሰዓት ላይ ማማ ቤት ቴሌቪዥን ይከፈታል። በአማርኛም በስዋሂሊም አንድ ሰዓት ነው የሚባለው፤ ሰባት የሚለው እንግሊዝኛው ብቻ ነው። ይህን ለተማሪዎቼ ሳስረዳ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። የሚታየው ተከታታይ ድራማ እኔ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ጀምሮ ያለ ነው። እኔ ተምሬ ጨርሼ አስተማሪ ስሆን እሱ ገና አላለቀም። ናይሮቢ ውስጥ ባለ አንድ ሕንጻ ላይ ስለሚኖሩ ሰዎች ነው፤ ምድር ቤት ጸጉር ቤት የከፈተች ሴት አለች፣ ከሷ በላይ አንዲት ነርስ፣ ከላይ ደግሞ ኪራይ ሊሰበስብ ሲወርድ ሁሉም የሚደበቀው አከራይ። ውኃ ይጠፋል፤ ሰው ይጣላል፣ ይታረቃል፤ የታጠበ ልብስ ከገመድ ላይ ይሰረቃል። ከኛ መካከል ፎቅ ላይ የኖረ ማንም የለም፤ የውኃውን ነገር ግን ሁላችንም እናውቀዋለን። ስሙን ትተን «ፎቁ» ነው የምንለው።

አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። ቦታዬ ከቴሌቪዥኑ ጎን ያለች ዱካ ናት፤ ፊቴን ወደ ሰዉ አዙሬ፣ አንገቴን ወደ ስክሪኑ ጠምዝዤ፣ ልክ ጥቁር ሰሌዳ አጠገብ እንደቆመ ሰው። ከማማ ጎን ምንጣፉ ላይ ሱኩማ የሚባለውን ጎመን የምትሸጠው ጎረቤታችን ትቀመጣለች፤ እሷ ሳትቀልድ የምትውልበት ቀን የለም። በሩ አጠገብ፣ ወንበር ላይ፣ ሐጂ አሉ። ልጅ ሆኜ ቁርአን ያስቀሩኝ፣ ማለት ማንበብ ያስተማሩኝ፣ ሽማግሌ ናቸው። «እኔ ዜናውን ለመስማት ነው የምመጣው» ይላሉ። ዜናው የሚጀምረው ድራማው ካለቀ በኋላ ነው፤ እሳቸው ግን ከሁላችንም ቀድመው ይደርሳሉ።

አንድ ሐሙስ ባለ ጸጉር ቤቷ ዘንድ አንድ የማታቱ፣ ማለት የታክሲ ሚኒባስ፣ ሹፌር ፓፓያ ይዞ መጣ። አቀፈችው። ረጅም እቅፍ ነበር።

«ይሄ ደግሞ ማነው?» አሉ ሐጂ፣ ከዘራቸውን ወደ ስክሪኑ ቀስረው።

ፍቅረኛዋ ነበር። በግልጽ ነው የተባለው። ግን እኔ ያላገባሁ ልጅ ነኝ፤ ፊደሉን በጣታቸው እያሳዩ ባስቀሩኝ ሰው ፊት ያን ቃል ለማውጣት አፌ አልታዘዘኝም።

«ወንድሟ ነው» አልኩ።

«ማሻአላህ» አሉ ሐጂ። «ወንድም ማለት እንዲህ ነው።»

በሚቀጥለው ማክሰኞ እጇን ያዘ። «እናታቸው ታማ እያጽናናት ነው» አልኩ። ስለ ጋብቻ ሲጨቃጨቁ ክርክሩን የአባታቸውን መሬት ስለ መካፈል አደረግኩት። ነገሩ እንዳይምታታብኝ ደብተር ገዛሁ፤ በግራ በኩል ድራማው ላይ የተባለውን፣ በቀኝ በኩል እኔ ያልኩትን እጽፍ ጀመር። የቀኙ ዓምድ ከግራው የበለጠ መልካም ሰዎች ነበሩበት፤ እውነቱን ለመናገር ትንሽ ኮርቼበታለሁ። ማማ ድንበሩ ማዶ ላለው ወንድማቸው ደውለው «ፎቁ ላይ ያለውን ወንድም አይተህ እፈር! ለእህቱ ፓፓያ ሳይዝ መጥቶ አያውቅም» ሲሉት ሰምቻለሁ። በሌላው ቀን የማማ ወንድም እውነትም ፓፓያ ይዞ መጣ። ክፋት ያለው ነገር የምሠራ አልመሰለኝም።

ከዚያ ሠርጉ ደረሰ።

ቀኑን አውቄ ነበር፤ ለሰዉ ግን ሙሽራው ማን እንደሆነ አልተናገርኩም። «የፈተና ወረቀት አርማለሁ» ብዬ ልቀር ስል ማማ ራሳቸው በር ድረስ መጡ። «ያላንቺ አይጀመርም። ባለ ጸጉር ቤቷን የሚያገባት ማነው? ነርሷ ያመጣችላት ሰው ነው?»

«ይታያል» አልኩ። ተከትያቸው ሄድኩ።

ነጭ ቀሚስ ለብሳ ወጣች። ሴቶቹ እልልታቸውን አዘጋጁ። ከመኪናው ውስጥ ሱፍ የለበሰው ሹፌር ወርዶ አጠገቧ ቆመ፤ ቀለበት አወጣ።

እልልታው ጉሮሮ ውስጥ ቀረ።

«አስተግፊሩላህ!» አሉ ሐጂ ከወንበራቸው ተነስተው። «እህቱን?!»

ጎመን ሻጯ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ከዚያ አላስቻላትም። «የመሬቱን ጉዳይ እንዲህ አድርገው ጨረሱታ!»

ተናዘዝኩ። ፍቅረኛዋ እንደነበር፣ እናታቸው የምትባል እንደሌለች፣ መሬትም እንደሌለ አንድ በአንድ ተናገርኩ፤ ደብተሩንም አወጣሁ። ጎመን ሻጯ ምንጣፉ ላይ ተንከባለለች። ሐጂ መጀመሪያ ተቆጡ፤ ቀጥሎ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ በመጨረሻ ዓይናቸውን በጥምጣማቸው ጫፍ ጠረጉ። «አንቺ ልጅ፣ እኔ ይህን ሰውዬ በዱዓዬ ሳስገባው ነው የከረምኩት!»

ማማ ብቻ አልሳቁም። የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጠፉና ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

«ሐኪም ቤትስ?» አሉ።

ከሦስት ወር በፊት ደም ግፊት እንዳለባቸው ሲነገራቸው አብሬያቸው ገብቼ ያስተረጎምኩት እኔ ነበርኩ። የሐኪም ቤቱ ነርስ ከሩቅ አገር የተመደበች ናት፤ ከስዋሂሊና ከእንግሊዝኛ ሌላ አትችልም።

«እዚያም እንዲህ ነው ያደረግሽኝ?»

ልዋሽ እችል ነበር። ግን ደብተሩ እጄ ላይ ተከፍቶ ነበር።

ነርሷ ያለችው ይህ ነው፦ «መድኃኒቱን በየቀኑ ትውሰድ፤ ደህና ነኝ ብላ ካቋረጠች ልትወድቅ ትችላለች። በሁለት ሳምንት ተመልሳ ትምጣ።» እኔ ያልኩት ደግሞ ይህ ነበር፦ «መድኃኒቱ ባይቋረጥ ጥሩ ነው አለች፤ ሲመችዎ ብቅ ይበሉ።» ለምን እንዲህ አልኩ? ማማ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው የነጠላቸውን ጫፍ ሲጠቀልሉና ሲፈቱ አይቼ ነበር። ደግሞስ እናቴ የምትሆንን ሴት «ይወድቃሉ» ብዬ እንዴት ልናገር? ስዋሂሊው ሲነገር የነርሷ ነበር፤ በአማርኛ ሲወጣ ግን የእኔ ትእዛዝ የሚሆን መሰለኝ።

ማማ ወደ ጓዳ ገቡና የመድኃኒቱን ካርቶን አምጥተው እግሬ ሥር አስቀመጡት። ከግማሽ በላይ አልተነካም። «ራሴን ያመመኝ ቀን ብቻ ነው የምወስደው» አሉ። «ባይቋረጥ ጥሩ ነው ማለት፣ ቢቋረጥም አይከፋም ማለት መስሎኝ።»

በነጋታው ሐኪም ቤት አብረን ሄድን። ቦዳቦዳ በሚባለው የሞተር ሳይክል ታክሲ ላይ ከኋላቸው ተቀምጬ የመድኃኒቱን ካርቶን ታቅፌ ነበር። ነርሷ ግፊቱን ለካች፤ ፊቷ ተለወጠ። ያደረግሁትን ነገርኳት። ሰማችኝና «ሙዋሊሙ» አለችኝ፣ «ተማሪዎችሽ የጥያቄውን ግማሽ ዘለው ቢመልሱ ስንት ትሰጫቸዋለሽ?» ከዚያ የተናገረችውን ሁሉ፣ ቁጣዋንም ጭምር፣ ቃል በቃል ለማማ አስተላለፍኩ። «ይወድቃሉ» አልኩ። ማማ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሲፈሩም አላየሁ። ከእሳቸው ይልቅ የፈራሁት እኔ ነበርኩ።

ስንወጣ ጥላ ሥር ቆሙ። «አንድ ነገር ልንገርሽ። ነርሷን መጠየቅ የምፈልገው ነገር አለ። ካመመኝ ጀምሮ አለ። ባንቺ አፍ ግን አይወጣም።»

«ለሌላ ሰው ልንገር፣ ሌላ አስተርጓሚ...»

«በማንም አፍ አይወጣም። ስዋሂሊ አስተምሪኝ። መጽሐፍ ግን እንዳታመጪብኝ፤ ቀኑን ሙሉ ዕቃ ስሸከም ውዬ በእርሳስ አልታገልም።»

መጽሐፍ ከሌለ ያለን ፎቁ ነው። አንድ ሥርዓት አወጣሁ። ዱካዬን ከቴሌቪዥኑ ጎን አንስቼ ከሁሉም ኋላ አደረግኩ። ድራማው ሲታይ ቃል አልተነፍስም። ማስታወቂያ ሲገባ እያንዳንዱ ሰው ምን እንደተባለ ይናገራል፤ እውነቱን የምናገረው ሁሉም ከጨረሱ በኋላ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጉድ ነበሩ። አከራዩ ስለ ተዘጋ ቧንቧ ሲያወራ ሐጂ «ልጁን እየዳረ ነው» ብለው ተከራከሩ፤ ጎመን ሻጯ «እሱማ ሊያገባ የመጣው እህቱን ነው» አለች። ለእኔ ከባዱ ዝምታው ነበር። ማስረዳት እወዳለሁ፤ ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ መልስ ሲፈልግ ሦስት ሰከንድ መጠበቅ እንኳ ያቅተኝ ነበር። ፎቁ ፊት ሻሼን ጥርሴ ውስጥ ከትቼ ነው የምቀመጠው። ጎመን ሻጯ ዞር እያለች «ሙዋሊሙ፣ ሻሹ ጣፈጠሽ?» ትለኛለች።

ለማማ ዋናዋ ሰው የፎቁ ነርስ ሆነች። ጎረቤቶቿ በሯ ላይ መጥተው ሕመማቸውን ሲነግሯት ማማ ወደ ስክሪኑ ይጠጋሉ፤ ከንፈራቸው አብሮ ይንቀሳቀሳል። በአንድ ወር ውስጥ «ኪችዋ ኪናኒኡማ» አሉ፤ ራሴን ያመኛል። ማዞርን ኪዙንጉዙንጉ እንደሚሉት ሲሰሙማ በጣም ደስ አላቸው። «ቃሉ ራሱ ያዞራል» እያሉ ሱቅ ውስጥ ብቻቸውን ይደጋግሙት ነበር። አንድ ማክሰኞ የፎቁ አከራይ ነርሷን «ኒና ስዋሊ» አላት። ማማ ማስታወቂያው እስኪገባ አልጠበቁም።

«ጥያቄ አለኝ ነው ያለው! ሱኣል! ቁርአን ቤት የተማርነው ዓረብኛ ነው!» ብለው ወደ ኋላ ዞረው ጭኔን መቱኝ። እኔ ምንም አልነገርኳቸውም።

መድኃኒቱን በየቀኑ ከንጋቱ የሱብሒ ሶላት በኋላ ይወስዳሉ። ቀጠሮ አያሳልፉም። በአምስተኛው ቀጠሮ ተራችን ደርሶ ስንነሳ ማማ እጃቸውን ደረቴ ላይ አድርገው አስቆሙኝ።

«አንቺ እዚህ ጠብቂኝ።»

በሩ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም ነበር። አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። «ኒና ስዋሊ» ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ፤ የሚሰማኝ አልፎ አልፎ ብቻ ነበር። ሲያቆሙ፣ ሲሳሳቱ፣ እንደገና ሲጀምሩ ይታወቀኛል። አንዴ ቃል ጠፍቷቸው ረጅም ዝምታ ሆነ፤ ቃሉ የትኛው እንደሆነ ገምቻለሁ፣ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ ከበሩ የሚለየኝ ሁለት እርምጃ ብቻ ነው። የሻሼን ጫፍ ጥርሴ ውስጥ ከተትኩ። እስከ አስር ቆጠርኩ። ሰባት ላይ ስደርስ ማማ ቃሉን በሌላ መንገድ፣ ዙሪያውን ሄደው አገኙት። ነርሷ ሳቀች፤ ክፉ ሳቅ አልነበረም። ከዚያ በረጅሙ መለሰችላቸው፤ እሳቸውም «ንዲዮ፣ ንዲዮ» ሲሉ ቆዩ። አዎ፣ አዎ።

ሲወጡ ፊታቸው ከተሸከመው ሸክም እንደተገላገለ ሰው ፊት ነበር። «ግፊቱ ወርዷል አለች» አሉኝ። «መቶ በመቶ ነው የገባኝ። አሳምራ ተናገረች።»

«ጥያቄውስ? ምን ጠየቋት?»

ነጠላቸውን ወደ ላይ ሰብሰብ አደረጉና ሳቁብኝ። «እሱማ የኔና የሷ ነው፣ ሙዋሊሙ።»

እስከ ዛሬ አላወቅሁትም። ፎቁ አሁንም አላለቀም፤ ባለ ጸጉር ቤቷ መንታ ልጆች ወልዳለች፣ ሐጂም ባሏ ብቅ ባለ ቁጥር «ያ ወንድሟ መጣ» ይላሉ። እኔ ከኋላ ነው የምቀመጠው። ክፍል ውስጥም አንድ ልጅ መልስ ሲፈልግ እስከ አስር መጠበቅ ተምሬያለሁ፤ ብዙዎቹ ከስምንት በፊት ይደርሳሉ።

እናንተም ለእናታችሁ፣ ለጎረቤታችሁ የምታስተረጉሙ ከሆነ እባካችሁ ሞክሩት። ማስተርጎም ሲኖርባችሁ የተባለውን ሁሉ፣ የከበደውንም ጭምር፣ እንዳለ ንገሯቸው። ከዚያ አንድ ምሽት ቴሌቪዥን ፊት ከኋላቸው ተቀመጡና ከመናገራችሁ በፊት «ምን ያሉ ይመስልዎታል?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ቃል ሲጠፋቸው እስከ አስር ቁጠሩ። አንድ ቀን «አንቺ እዚህ ጠብቂኝ» ካሏችሁም ቅር አይበላችሁ፤ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ጠብቋቸው።