ቀጭኑ ጎማ

ወደ አሞራ ገደል በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በብስክሌት ጠጋኙ በሽበሺ ዳስ ሥር ያየኋቸውን እናት ስማቸውን አላውቅም። ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቀው ለብሰዋል፤ በጫፉም አንዳች ነገር ቋጥረዋል። ሁለት የውድድር ብስክሌት ጎማዎች ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ ጫፋቸው በቆሳሰለ ጣቶች እንደ ሸማ ገዢ ያሻሻሉ።

«እማማ፣ ወፍራሙን ይውሰዱ፤ እሾህ አይበሳውም» አላቸው ሽበሺ።

«ይከብዳል ብለኸኝ የለም እንዴ?»

«መክበዱንስ ይከብዳል። ቀጭኑ ይበራል፤ ግን ትንሽ እሾህ ካገኘው ይተነፍሳል።»

ተራውን የሚጠብቅ አንድ ጎረምሳ «እማማም ሊወዳደሩ ነው?» ብሎ ሳቀ።

«የሚወዳደረው ልጄ ነው!» ብለው ጮኹበት። «ካሸነፈ የብስክሌት ክለቡ ወስዶ ያስቀረዋል፤ ከተሸነፈ ወደ ጦር ግንባር ይጫናል። ታላቁን ወስደው መርዶውን አመጡልኝ። ደግሞ የዚህን ነፍስ በጎማ ልምረጥ?»

ሳቁ ቆመ። እናትን በፍጥነትና በእሾህ መካከል አቁሞ «ምረጪ» የሚል ዘመን ምን ዓይነት ዘመን ነው?

ቋጠሮውን ሲፈቱ ገንዘብ ሊያወጡ መስሎን ነበር። ያወጡት ግን እፍኝ ሙሉ የግራር እሾህ ነው።

«ውድድሩ የሚያልፍበትን መንገድ ከማለዳ ጀምሬ እያጸዳሁ ነው» አሉ። «ቀጭኑን ስጠኝ። እሱ ይብረር፤ እሾሁን እኔ እለቅማለሁ።»