የሰው ቦታ ነው

የያዙኝ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ነው። ከክፍል መውጣቴ ነበር፤ የእጄን ጠመኔ እንኳ አላራገፍኩም። ሁለት ሲቪል የለበሱ ሰዎች ጠጋ አሉኝ። አንደኛው «መምህርት፣ ለትንሽ ጥያቄ ነው» አለ። ትሕትናው አስፈራኝ።

ጥያቄው ፌስቡክ ላይ ስለጻፍኩት ነገር ነበር። ጎንደር ውስጥ ገበያ ላይ የተነሳ ጠብ ወደ ሃይማኖት ዞሮ ሰው ሞቷል፣ ሱቅ ተቃጥሏል። ሁሉም «ከውጭ የገቡ ናቸው» ይል ነበር። እኔ «ያቃጠሉት የራሳችን ልጆች ናቸው፤ አንዳንዶቹን አስተምሬያቸዋለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ይኼ «ሕዝብን ማነሳሳት» ተባለ።

ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። የነቀዝ መድኃኒት ሽታ ከግድግዳው አልወጣም። መስኮት የለውም፤ ብርሃን የሚገባው በቆርቆሮው ሥር ነው። በበሩ ጥግ የምንሸናበት ባልዲ ተቀምጧል።

የክፍሉ ታላቅ ከእንፍራንዝ የመጡ ሴት ነበሩ፤ ሁላችንም «እትዬ» እንላቸዋለን። ልጃቸው ጫካ ገባ ተብሎ በእሱ ፈንታ የታሰሩ ናቸው። ወንድማቸው ደግሞ በዚያው ግርግር ተወግቶ ሆስፒታል ተኝቷል። ስገባ ከፊቴ በፊት አንገቴን አዩ። ማተቤን ሲያዩ «ነይ ልጄ፣ ከባልዲው ራቂ» ብለው ከወዲያኛው ግድግዳ ሥር ፍራሽ አስነጠፉልኝ። አመሰገንኳቸው። ማተቡ ባይኖር የት እተኛ እንደነበር ራሴን አልጠየቅሁም።

መልሱ ብዙ አልቆየም። አንድ ከሰዓት በሩ ተከፈተና ፖሊሱ «ተቀበሏት» ብሎ አንዲት ሴት አስገባ። ጥቁር ሂጃብ ለብሳለች፤ ልብሷ ጭስ ጭስ ይላል። አዲስ ዓለም ሰፈር ያለው የጨርቅ ሱቋ ተቃጥሎ ልታመለክት ሄዳ ነው «የባልሽ ወንድም መሣሪያ ደብቋል» ብለው ያስቀሯት። ይኼን ቆማ ለሁላችንም ተናገረች። ማንም «ውይ» አላላትም። እትዬ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ከጎኔ ባዶ ቦታ ነበር። እዚያ ትተኛ የነበረችው ልጅ ጠዋት ተፈትታለች። ሴትዮዋ ዙሪያውን ስታይ ቆይታ ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ።

«እህቴ፣ እዚህ ጋ ትንሽ ብጠጋስ?»

የእትዬን ጀርባ አየሁ። ከዚያ ፍራሼን ወደ ባዶው ቦታ ሳብ አደረግሁና «የሰው ቦታ ነው» አልኳት።

ለአገር ሁሉ የጻፍኩ ሰው ነኝ። ለሙስሊሞቹ ብዬ ነው የታሰርኩት ብዬ በልቤ ስኩራራ ነበር። አንዲቷ ፊቴ ስትቆም ግን ቃሉ ከአፌ እንዲህ በቀላሉ ወጣ።

«አብሽሪ፣ ችግር የለም» አለችኝ፣ እኔው የተቸገርኩ ይመስል። ሄዳ ከባልዲው አጠገብ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠች።

ወሩ ለእኛ ሁዳዴ፣ ለእሷ ረመዳን ነበር። ሁላችንም ጾመኞች ነን፤ ግን አብረን አላፈጠርንም። እኛ ባንድ ትሪ ስንከብ እሷ ብቻዋን በውሃና በደረቅ ዳቦ ታፈጥራለች። በመጀመሪያው ቀን ቁራሽ ልወስድላት አስቤ ነበር። ነገ፣ ነገ እያልኩ ቀረ።

አንድ ጠዋት ለእትዬ ስንቅ ያመጣ ዘመድ የወንድማቸውን ሞት አረዳቸው። ከበሩ ሲመለሱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነበር። አንዴ ጮኹ። ፖሊሱ በሩን በዱላ ደበደበና «ዝም በሉ!» አለ። ለቅሶ የተከለከለ ሰው አጠገብ ምን ይደረጋል? ሁላችንም ቆመን ቀረን።

ከባልዲው በኩል ሴትዮዋ ተነሳች። ሂጃቧን አስተካክላ መጣችና እትዬ ፊት ባዶ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ያጥናዎት፣ እትዬ።»

እትዬ ቀና ብለው አዩዋት። «ያንቺዎቹ ናቸው የገደሉብኝ» አሉ፣ ቀስ ብለው።

«ይሆናሉ» አለች። «ለቅሶ ግን አይቀርም።»

እትዬ አላባረሯትም። በዝምታ እያለቀሱ፣ እሷም አንገቷን ደፍታ፣ ብርሃኑ ከቆርቆሮው ሥር እስኪሄድ ተቀመጡ። ከዚያ ተነስታ ወደ ባልዲው ተመለሰች። «ነይ ወዲህ» ያላት የለም። እኔም አላልኩም።

ከጥቂት ቀን በኋላ ርዕሰ መምህሬና የሰፈራችን ቄስ ዋስ ሆነው አስፈቱኝ። ለእሷ ዋስ ልሁን የሚል ገና አልመጣም ነበር። ስወጣ «በሰላም ግቢ» አለችኝ።

እሷም በኋላ መፈታቷን ሰማሁ። ልጠይቃት እየፈለግሁ ብዙ ጊዜ አሳለፍኩ። ዘንድሮ በረመዳን ስኳርና ተምር ይዤ አዲስ ዓለም ሄድኩ። ሱቁ አዲስ ቆርቆሮ ለብሷል። በሩ ላይ የባሏ ታላቅ ወንድም፣ ሽበታም ሰው፣ ተቀምጠዋል።

«አያ፣ እሷን ፈልጌ ነበር።»

«ልጇ ወልዳ አይከል ሄዳለች። ማን ልበላት?»

«አብረን ታስረን ነበር።»

ብድግ አሉ። «መምህሯ ነሽ እንዴ? ነግራናለች! ስትፈታ የእኛ ጎረምሶች ደማቸው ፈልቶ ነበር። 'እዚያ ምን አደረጉሽ?' ብለው ሲያፋጥጧት 'ክርስቲያኖቹ ሴቶች ቦታ ለቀቁልኝ፤ አንዲት መምህርትማ ከጎኗ አስተኛችኝ' አለቻቸው። ሌላ ብትላቸው ኖሮ የእሷን ቂም ሊበቀሉ ይወጡ ነበር። ያን ሰምተው ተቀመጡ።»

አፌን ከፈትኩ። እውነቱን ብነግራቸው ለእኔ ይቀለኝ ነበር። ግን እሷ ያቆመችውን ማፍረስ ይሆንብኛል። ከአፌ ምንም ሳይወጣ መልሼ ዘጋሁት።

ወንበራቸውን ለቀውልኝ አስቀመጡኝ። እጃቸውን ዘርግተው «እንደ ሥራሽ ይክፈልሽ» ብለው መረቁኝ።

«አሜን» አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ የፈራሁት ምርቃት የለም።