የዓሣዎቹ ጉልቻ

ልጄ ሀያት ሰሞኑን ሳሎኔን የድንጋይ ማራገፊያ አድርጋዋለች። ሴራሚኩ ላይ ካርቶን አንጥፋ፣ ከአዲስ አበባ ያስላከችውን ቀዳዳ የበዛበት ነጭ ድንጋይ ደርድራ፣ ተንበርክካ አንዱን ታነሳለች ሌላውን ታስቀምጣለች። ጥግ ላይ ባዶ የመስታወት ሳጥን ቆሟል። የባሕር ዓሣ ልታኖርበት ነው። ለዓሣ ተብሎ የተዘጋጀ ጨው በውኃ በጥብጣ ባሕሩን እዚሁ ሸዋ ሮቢት ልትሠራው ነው።

እሷ ዓሣው ይታያታል። እኔ የሚታየኝ የሚሰነጠቀው መስታወት፣ ወለሉ ላይ የሚፈሰው ውኃ፣ ውኃው አጠገብ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ገመድ ነው። እናት ነኝ፤ ደግሞም ከድሮም እንዲህ ነኝ።

"ሀያት፣ ድንጋዩ የኋላውን መስታወት እንዳይነካ።"

"እሺ እማ።"

"እሺ ብለሽ እንዳትረሺው።"

"እማ! ገና ወረቀት ላይ እኮ ነኝ። አንድ ድንጋይ እንኳ አልገባም!"

እውነቷን ነው። በእርሳስ ሳጥን ሥላ፣ በሳጥኑ ውስጥ ጉብታና ዋሻ ሥላለች። እኔ ግን ወረቀቱን እያየሁ በወጣትነቴ የሰማሁት አንድ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ። ቂው። ቂው። ለሀያት ለመናገር አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ለእናንተ ልንገራችሁ።

ያን ጊዜ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ቤታችን ሸዋ ሮቢት አጠገብ ካለችው ጀውሃ በላይ ያለው ዳገት ላይ ነው። አባቴ ሁሴን ድንጋይ ካቢ ነበር። በዚያ ዳገት ላይ ማሽላና ማሾ የሚበቅልበት አፈር ሁሉ በካብ የተያዘ ነው፤ ካብ ባይኖር ክረምት በመጣ ቁጥር ማሳችንን አዋሽ ሜዳ ላይ ሄደን እንለቅመው ነበር። ጎረቤቶቻችን "የሁሴንን ካብ ጎርፍ ሰላምታ ሰጥቶት ያልፋል" ይሉ ነበር። አባቴ ይህን ሲሰማ ያልሰማ መስሎ ጺሙን ይዳስሳል።

በእኛ አገር ድንጋይ ሴት ታቀብላለች፣ ወንድ ይክባል። ለምን ብሎ የጠየቀ ሰው አላውቅም፤ እኔም አልጠየቅኩም። አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን ካቆምኩ ጀምሮ ሥራዬ ማቀበል ነበር። ታዲያ ያን ያህል ዓመት ድንጋይ ያቀበለ ሰው፣ የቱ ድንጋይ የት እንደሚቀመጥ እጁ ሳይነግረው አይቀርም። አባቴ እጁን ሲዘረጋ የሚፈልገውን ድንጋይ ይዤ እጠብቀው ነበር። ነገር ግን አንዱንም አስቀምጬ አላውቅም።

በዚያ ዓመት ጥር ሊያልቅ ሲል ጋሼ መሐመድኑር አባቴን አስጠሩት። ጋሼ መሐመድኑር ሸዋ ሮቢት አስፋልቱ ዳር ምግብ ቤት ነበራቸው። በወጣትነታቸው አሰብ ወደብ ላይ ሠርተው ነበርና ባሕሩ ከልባቸው አልወጣም። ከአዲስ አበባ በፍራሽ ተጠቅልሎ የመጣ ትልቅ የመስታወት ሳጥን፣ ከሁለቱም ወገን እንዲታይ ብለው፣ በምግብ ቤቱ መሐል በሲሚንቶ መደብ ላይ አስቀምጠዋል።

"ሁሴን፣" አሉት፣ "ባሕር ዳር አርጅቼ እሞታለሁ ስል የሽንኩርት ማሳ ከበበኝ። ስለዚህ ባሕሩን ወደዚህ አመጣዋለሁ።"

የሚያመጣው ሰይድ የሚባል የአሰብ መስመር ሾፌር ነው። በመጀመሪያው ጉዞ ሁለት ጆንያ የባሕር ድንጋይ አመጣ፤ ነጭ፣ ቀላል፣ እንደ እንጀራ ዓይኑ የበዛ። በሁለተኛው ጉዞ ውኃውን በጀሪካን፣ ዓሣዎቹንም በጀሪካን ሊያመጣ ነው። ቀኑንም ቆርጧል፤ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ይደርሳል። ዓሣዎቹን የሚያጠምድለት ሰውዬ አደራ ብሎታል፦ ዓሣ በጀሪካን ብዙ አይቆይም፣ ሳጥን ውስጥ ሲገባም የሚደበቅበት ዋሻ ካላገኘ በድንጋጤ ይሞታል። እኔ ይህን ስሰማ "እንግዲያው እንደኔ ነው" ብዬ ለዓሣው አዘንኩለት።

አባቴ "ዓርብ ሲደርሱ ቤታቸው ቆሞ ይጠብቃቸዋል" ብሎ ቃሉን ሰጠ። ከዳገታችን ወርዶ ከተማ ውስጥ ሲሠራ የመጀመሪያው ነው።

ረቡዕ በጠዋት ሄድን። እኔ አቀበልኩ፣ አባቴ ካበ። እንደለመደው ካበው፤ የታችኛውን ረድፍ በትልልቁ፣ ከላይ እያሳነሰ፣ ሁሉንም ወደ ኋላ እያጋደለ። ካብ ጀርባውን ለኮረብታው ይሰጣል፤ አባቴ ከአባቱ የተማረው ይህን ነው። ከዙህር ሶላት በፊት፣ እኩለ ቀን ሳይሆን ጨረሰ። ከሳጥኑ የኋላ መስታወት ላይ ተደግፎ የተነሳ፣ የሚያምር ነጭ ገደል ሆነ። ጋሼ መሐመድኑር ሳጥኑን ሦስት ጊዜ ዞሩት። "ማሻአላህ! ደብረ ሲናን ቤቴ አስገባህልኝ!" አሉ።

የማሾ ወጥ በማሽላ እንጀራ ቀረበልን፤ ቀጥሎም ከጠርዙ እስከ ጠርዙ የቀላ ፓፓያ። ሁሉም ይበላል፤ እኔ ሳጥኑ አጠገብ ተቀምጬ ጉርሻዬን አላምጣለሁ። አንድ የጭነት መኪና በአስፋልቱ አለፈ። ወለሉ ከእግሬ በታች ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ ከሳጥኑ ውስጥም ቂው የሚል ድምፅ ወጣ።

ሌላ መኪና አለፈ። ቂው።

"አባባ፣" አልኩ፣ "ድንጋዩ መስታወቱን እየመታው ነው።"

ጋሼ መሐመድኑር ሳቁ። "ይቺ ልጅህ ጥላዋንም ፈትሻ ነው የምታምነው!"

"ያልተደገፈ ካብ የእንቧይ ካብ ነው፣ ከድጃ" አለ አባቴ። "ብዪ።"

አልበላም አልኩ። መስታወቱ አንድ ነው፤ ሌላ የለም። ዓሣዎቹ መንገድ ሊጀምሩ ነው። ያንን የአባቴን ቃል ደግሞ ግማሽ ሸዋ ሮቢት ሰምቶታል። እንዲያም ሆኖ አባትን፣ ያውም በሰው ፊት፣ "ተሳስተዋል" ማለት ቀላል አይደለም። ስለዚህ እንዲህ አልኩት፦

"አባባ፣ እስቲ መዳፍዎን ከኋላ በኩል መስታወቱ ላይ ያሳርፉልኝ። መኪና እስኪያልፍ ብቻ።"

ተነሳና አሳረፈ። ሲፈልጉት ደግሞ መኪና አይመጣም! መጀመሪያ ጋሪ አለፈ። ቀጥሎ አንድ ሰውዬ ሁለት ፍየል እየጎተተ አለፈ። "ይሄ ነው እንዴ የሚሰብረው?" ሲሉ ጋሼ መሐመድኑር ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። እኔ በሐፍረት ሻሼን እስከ ግንባሬ ሳብኩት። ከዚያ ከጀውሃ በኩል አንድ ባለ ተሳቢ መኪና እያጓራ መጣ።

ቂው፣ ቂው፣ ቂው።

አባቴ መዳፉን አላነሳም። መኪናው አልፎ፣ አቧራው ተበትኖ፣ እሱ እንደቆመ ነው። ከዚያ መዳፉን አየው።

"ይገፋል" አለ። "ከኋላው ኮረብታ የለም።" ወደ እኔ ዞረ። "አውርጂው።"

"እንዴት ይወርዳል! ነገ ሐሙስ ነው!" ጮኹ ጋሼ መሐመድኑር።

"ካብ ቢፈርስ መልሼ እክበዋለሁ። መስታወት ቢፈርስ ምን አደርገዋለሁ?"

ሐሙስን በጓሮ ዋልን። በዚህ ጊዜ ሳጥኑ ውስጥ አንድ ድንጋይ እንዳይገባ ለመንኩ። የሳጥኑን ወርድና ቁመት በገመድ ለካሁና በዚያው ልክ መሬት ላይ በአመድ መስመር አሰመርኩ፤ እዚያ ውስጥ ካልቆመ እዚያም አይቆምም ብዬ። አባቴ ካበ፤ ተናደ። ካበ፤ ተናደ። ሳይደገፍ የሚቆም ነገር በሕይወቱ ክቦ አያውቅም። የካቲት ሳይገባ የየካቲት ፀሐይ ነበር፤ ላቡ ከጺሙ ጫፍ ድንጋዩ ላይ ይንጠባጠባል። ለሦስተኛ ጊዜ ሲናድበት ቁጢጥ አለ። አባቴ ድንጋይ ፊት እጁን አጣጥፎ ሲቀመጥ አይቼው አላውቅም።

ከማድ ቤቱ በር ላይ ወጥ ሠሪዋ እትዬ ዘይነባ ሁለት ሰው የሚያነሳውን ድስት ከእሳቱ ላይ እያማሰሉ ነበር። አማሳዩን ሲያዞሩ ድስቱ ይዞራል፣ ይገፋል፣ ይንገጫገጫል። ከሥሩ ያሉት ሦስት ድንጋዮች ንቅንቅ የለም።

"አባባ፣ ጉልቻን ማን ይደግፈዋል?"

ቀና ብሎ አየኝ። ወደ እሳቱ አየ።

"ላዩ ያለው ነገር ነዋ፣" አለ። "የላዩ ሸክም ያጸናዋል።"

"ከሥሩስ ባዶ አይደል? ዓሣ ይገባበታል።"

እትዬ ዘይነባ አማሳያቸውን እንደያዙ "ሠላሳ ዓመት ድንጋይ ስትቆልል፣ ማድ ቤት ብቅ ብትል ኖሮ ይሄንን አታጣውም ነበር፣ ሁሴን!" አሉት።

አባቴ ሳቀ። ከዚያ ያላሰብኩትን አደረገ። ከክምሩ አንድ ሰፊ ድንጋይ መረጠና፣ ለእኔ ዘረጋልኝ። "በይ እንግዲህ፤ የጉልቻ ነገር የሴት ነው። እኔ አቀብላለሁ።"

ተቀብዬ አስቀመጥኩት። ሦስት አቆምኩ፣ በላዩ ጠፍጣፋ ጫንኩ፣ በጠፍጣፋው ላይ ሌላ ትንሽ ጉልቻ። ከጎኑ ሌላ ሠራሁና ሁለቱን በአንድ ረጅም ድንጋይ አገናኘኋቸው። ከአመዱ መስመር በየአቅጣጫው ሁለት ሁለት ጣት ራቅኩ። አባቴ አጠገቡ ቆሞ መሬቱን በእግሩ ደለቀው። ቆመ! ከዚያ ሳወርደው እንዳይጠፋኝ እያንዳንዱ ድንጋይ ላይ በከሰል ቁጥር ጻፍኩ። አራተኛ ክፍል ለአንድ ነገር ጠቀመችኝ።

አመሻሹ ላይ ሳጥኑ ውስጥ በቁጥሩ መሠረት መልሰን ሠራነው። ከእያንዳንዱ እግር በታች ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ አደረግኩ። አሸዋውን ያፈሰስነው በመጨረሻ ነው፤ ድንጋዩ አሸዋ ላይ ከቆመ ዓሣው ሲምሰው ይሰምጣል ብዬ ፈርቼ። ባለ ተሳቢ አለፈ። ጆሮዬን መስታወቱ ላይ ለጠፍኩ። ምንም የለም።

ዓርብ ሰይድ እንዳለው ከጁምዓ በኋላ ደረሰ። "ከአሰብ ጀምሮ እያለቀሱብኝ ነው የመጡት!" እያለ ጀሪካኖቹን አወረደ። ዓሣዎቹ አራት ነበሩ፤ ሁለቱ ብርቱካን መስለው ነጭ ቀበቶ የታጠቁ። ሳጥኑ ውስጥ ሲለቀቁ ሽው ብለው ጉልቻው ሥር ገቡና ጠፉ። የተሰበሰበው ሰው አንገቱን አስግጎ ቀረ።

"ዓሣዬስ?" አሉ ጋሼ መሐመድኑር። "ለእንግዳ ድንጋይ ላሳይ ነው?"

"ይተዉአቸው፣" አልኩ። "ፈርተው ነው። መደበቂያ እንዳላቸው ሲያውቁ ይወጣሉ።"

ከዓስር፣ ከከሰዓቱ ሶላት በኋላ አንዱ ባለ ቀበቶ አፍንጫውን አወጣ። ቀጥሎ ሌላው። አራቱም ወጥተው በረጅሙ ድንጋይ ሥር ሲመላለሱ ጋሼ መሐመድኑር ዓይናቸውን በኩታቸው ጠረጉ።

ሰይድ አባቴን ትከሻውን መታ አደረገው። "ጋሼ ሁሴን፣ አሰብም እንዲህ ያለ አላየሁ! እንዴት ካቡት?"

አባቴ ጺሙን ዳሰሰ። "የካበችው ከድጃ ናት። እኔ አቀባይ ነበርኩ።"

ያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ ዳገቱን እንዴት እንደወጣሁት አላስታውስም።

ያ ሳጥን የአሰብ መንገድ እስኪዘጋ ድረስ ሰይድ በሚያመጣው የባሕር ውኃ ኖረ። ጋሼ መሐመድኑርም አባቴም አልፈዋል፤ አላህ ይዘንላቸው። የአባቴ ካቦች ዛሬም ዳገቱን ይዘዋል። ከእነሱ ውስጥ የአንዱን የላይኛ ረድፍ የካብኩት እኔ ነኝ፤ የትኛው እንደሆነ ግን አልናገርም። ሰዎች "ከድጃ፣ ጭንቀት ታበዢያለሽ" ይሉኛል። አበዛለሁ። ያን ጊዜ ባላበዛ ኖሮ ዓሣዎቹ የት ይገቡ ነበር?

ትናንት ሀያት ድንጋይዋን ሠርታ፣ ውኃውን ሞልታ፣ የሆነ ነገር ልትገዛ ባጃጅ ይዛ ወጣች። በሩ ሲዘጋ ጠብቄ ሳጥኑ ጋ ሄድኩ። ሠርታዋለች፤ ያምራል። እጅጌዬን ሰብስቤ፣ ሁለት ጣቴን በድንጋዩና በኋላው መስታወት መካከል ቀስ አድርጌ ሰደድኩ።

ስትመለስ ሳህን እያጠብኩ መስዬ ቆሜያለሁ።

"እማ፣ እጅጌሽ እስከ ትከሻሽ ረጥቧል።"

"ሳህን እያጠብኩ ነዋ።"

ሳህኑን አየችው፤ ደረቅ ነው። ሳጥኑን አየች፤ እኔን አየች። ሳቋን ዋጥ አድርጋ፦

"እጅሽ ከኋላ አለፈ?" አለችኝ።

"አለፈ፣" አልኳት። "ሁለቱም ጣቴ።"